ፐንኩ በይፋት በኩል ሲመጣ

የሙዚቃ ሻጭ ለአንድ ነገር ስም ሲያጣ «ሳይኬደሊክ» ይለዋል። ጊታሩ ካስተጋባ፣ ምቱ ሳይሰለች ከተመላለሰ፣ ዘፋኙ ያለው ካልተሰማ አለቀ፤ ሳይኬደሊክ ነው። በዚህ ሚዛንማ ሌሊቱን ሙሉ በድቤና በጭብጨባ የሚዘለቀው የወሎ መንዙማ ምን ሊባል ነው? የከሚሴ ሽማግሌዎች ይህን ንጽጽር ቢሰሙ አይስቁልኝም፤ ቶሎ ልለፈው።

ነገሬ ዘ ኤክስ ስለሚባለው ባንድ ነው። በ1979 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) ሆላንድ ውስጥ የተቋቋመ ፐንክ ነው፤ የሚጮህ፣ የሚቸኩል፣ ከመንግሥት ጋር የማይስማማ። በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር የሳክስፎን ተጫዋቹን ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን አምስተርዳም ጋበዘ። ጋሽ ጌታቸው በጩኸቱ አልተደናገጡም፤ ጭራሽ አጃቢዎቼ ሁኑ አሏቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበማቸው ወጣ። እዚያ ላይ ፐንኩ ሩጫውን ገታ አድርጎ በቺክቺካ ይሽከረከራል፤ ጊታሮቹ አንዲት ሐረግ ይዘው ይመላለሳሉ፤ ከበላያቸው ሳክስፎኑ ይሸልላል።

የውጭ አድማጭ ምንጩን ፍለጋ ወደ አሜሪካ ፍሪ ጃዝ ይሮጣል። ጋሽ ጌታቸው ግን ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጡት በ1950ዎቹ፣ ፍሪ ጃዝ ስሙ ሳይወጣለት ነው። የተወለዱት በ1935 ይፋት ነው፤ የጀመሩትም በክራርና በማሲንቆ። ይፋት ለኛ ለከሚሴ ሰዎች ሩቅ አይደለም፤ ከሚሴን ለቆ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አውቶቡስ ካራቆሬንና አጣዬን ሲያልፍ የሚረግጠው አገር ነው። ጦር ሜዳ ሲወጣ የሚሸለለውን ድምፅ ለብሰው፣ የአንበሳ ጎፈር ደርበው መድረክ የሚወጡ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ፐንክ አለ?

መንገዱን የጠረጉ ሌሎችም አሉ። በ1986 የብራሰልሱ ሸክላ አሳታሚ ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ለአውሮፓ ሲያሳትም፣ በዚያው ቤት የፖስት-ፐንክ ባንዶች ሸክላ ይወጣ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ሙዚቃዎች መተዋወቃቸው አይቀርም።

የኔ ዋና ክርክር ግን ስለ ቅኝት ነው። ወሎዬ አራቱንም ቅኝት የኔ ነው ይላል፤ እኔ ባቲን ብቻ ከያዝኩ ይበቃኛል፤ ባቲ ከተማ የዞናችን ናትና። የባቲ ማይነርን አምስት ድምፆች በጊታር ብትቆጥሯቸው፣ የትም አገር ያለ የሮክ ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመዳቸው አምስት ድምፆች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ልዩነቱ አሰካኩና ማስጌጡ ላይ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ሆላንዶቹ የማያውቁት አገር የገቡ ቢመስላቸውም ጣታቸው ደጃፉን ያውቀው ነበር።

ስለዚህ «ሞአ አንበሳ»ን ፐንኮች ወደ ሳይኬደሊክ የተሻገሩበት ነው የሚሉ ሰዎች አሻጋሪውን ረስተዋል። ጋሽ ጌታቸው በ2016 አርፈዋል፤ ሽፋኑ ላይ ግን ቀድሞ የተጻፈው ስም የሳቸው ነው፤ ባንዱ የሚመጣው ከሳቸው ቀጥሎ ነው።