በግምጃ ቤት በአንድ ማዕድ



ግምጃ ቤት በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ወርቅና ብር የተከማቸባት ሊመስለው ይችላል፤ እንደ አዊ ምድር ሁሉ ግን ሀብቷ እርጥብ መሬቷ፣ ቀርከሃዋ፣ ድንቿ፣ ማሯና ፈረሷ ነው።

ወደዚያች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድነው አብሮን የሚያስተምር አንድ ክርስቲያን ባልደረባችን ወላጆቹ ቤት ጋብዞን ነበር። እናቱ እንግዳ ይመጣል ተብለው ዶሮ አሳርደው ጠበቁን። ልጃቸው ግን ሙስሊም መሆናችንን አልነገራቸውም ነበር። እንደሚታወቀው በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ አይበላም። እናቱ ነገሩን ሲረዱ «ምነው ልጄ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ! እንግዳ በቤቴ ጦሙን ሊያድር ነው?» ብለው አዘኑ። በችኮላ ሽሮ ተሠራልን። እነርሱ በአንድ መሶብ፣ እኛ ለብቻችን በሌላ መሶብ በላን። ያ ምሽት ከልባችን አልወጣም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ምክንያት እየፈጠርን ጥሪያቸውን አለፍን።

በሁለተኛው ጉዞ ግን መላ ይዘን ሄድን። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ባሕር ዳር ላይ ከጣና የወጣ የቆሮሶ ፊሌቶ ሁለት ኪሎ ገዛን፤ በበረዶ ከበን፣ በመራዊና በዳንግላ አድርገን እንጅባራ ደረስን፤ ከዚያም መኪና ቀይረን ግምጃ ቤት ገባን።

ዓሣ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሱረቱል ማኢዳ 96ኛ አንቀጽ የባሕር አደን ተፈቅዶልናል፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይታረድ ከሚበላው መካከል ዓሣን ቆጥረውልናል። ስለዚህ ቢላዋውን ማን ያዘ የሚል ጥያቄ የለበትም። የሚቀረው የዘይቱና የመጥበሻው ጉዳይ ነው። ዘይቱን አዲስ ገዝተን ሄድን፤ ስለ መጥበሻው ግን እንዴት ብለን እንደምንጠይቅ ጨንቆን ነበር። እናቱ ቀደሙን። «ልጆቼ፣ እያያችሁ ልጠበው» ብለው በአመድ ፈትገው ሦስት ጊዜ አለቀለቁት።

አሠራሩን ያስተማረችን ባሕር ዳር ምግብ ቤት የምትሠራ አንዲት እህት ናት። ለአንድ ኪሎ ዓሣ 1 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጥቂት ጨው ይደባለቃል። በላዩ 1 ብርጭቆ በጣም የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ይጨመራል። በአንዳንድ አገር ለዚሁ ቢራ ይጠቀማሉ፤ ሊጡን የሚያቀለው ግን ጋዙ በመሆኑ አምቦ ውሃ ይበቃናል። ሊጡ ብዙ ከተመታ ይጠነክራልና ቶሎ መተው ነው። ዓሣው በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፣ ደረቅ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ሊጡ ውስጥ ተነክሮ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ መድረሱ የሚታወቀው ጠብ ያለች ሊጥ ወዲያው ወደ ላይ ስትንሳፈፍ ነው። በሚገባ በጋለ ዘይት ውስጥ የሊጡ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ስለሚወጣ ልባሱ ይደርቃል፣ ይንኮሻኮሻል፤ ዘይቱ ካልጋለ ግን ሊጡ ዘይት ጠጥቶ ይላሽቃል።

ማጥቀሻው የታይላንድ ዓይነት ነው። በዚያ አገር ማጥቀሻን ሁሉ «ናም ቺም» ይሉታል፤ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ ጨዋማውንና የሚያቃጥለውን አንድ ላይ ማስማማት ነው ጥበቡ። በደቡብ ታይላንድ በፓታኒ፣ በያላና በናራቲዋት ያለው ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው። እኛ በስኳር ፈንታ የግምጃ ቤትን ማር ተጠቀምን። 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የተከተፈ ቃሪያ፣ ጨውና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ እስኪወፍር ይፈላል፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ የ2 ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ቃሪያውም ቢሆን የሩቅ እንግዳ ነው፤ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ ወደ እስያም ወደ እኛም የደረሰው ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው።

አንድ መሶብ ቀረበ። እኛ ቢስሚላህ አልን፤ እነርሱም እንደ እምነታቸው ባረኩ። እናቱ አንዱን ቁራጭ አጥቅሰው ቀመሱና «አዋዜ ነው ብል ማር ማር ይላል፤ ማር ነው ብል ያቃጥላል!» ብለው ሳቁ። ያችን ሳቅ አንድ ዓመት ሙሉ የነፈግናቸው እኛው ነበርን።

በሥራ ምክንያት ከወገን ርቃችሁ የምትኖሩ ወጣቶች ሆይ! ሐላልን መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ የጎረቤትን ጥሪ መሸሽ ግን ግዴታችን አይደለም። አስቀድሞ በቀና ቃል መናገር፣ ካልሆነም የሚበላውን ይዞ መሄድ ከብዙ ኀፍረት ያድናል።

ስንሰናበት እናቱ በጠርሙስ ማር ሰጡን። «ለዓሣው ማጥቀሻ ነው፤ ዓሣውን ግን ይዛችሁ እዚሁ ኑ» አሉን። ኢንሻአላህ እንሄዳለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።