ጤና አዳም ይዤ ሄጄ ፓፓያ ይዤ ተመለስኩ

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በግቢያችሁ ውስጥ ያለችው ባዶ መሬት ስንት እርምጃ ትሆናለች? የእኔ ከውኃ ቧንቧው እስከ አጥሩ ድረስ አራት እርምጃ ብቻ ናት። የአንዳንዶቻችሁ ከዚህ ትሰፋ ይሆናል፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ለምትኖሩት ደግሞ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ መሬቱ ጠባብ የሆነበት ሰው መምረጥ ግድ ይለዋል። ዛሬ የማወጋችሁ እኔ እንዴት እንደመረጥኩ፣ በመጀመሪያም እንዴት እንደተሳሳትኩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ታናሽ እህቴ በባቱ ከተማ፣ ብዙዎቻችን አሁንም በቀድሞ ስሟ ዝዋይ በምንላት፣ የመጀመሪያ ልጇን ተገላገለች። አራስ ልጠይቅ ስነሣ እናቴ በማለዳ ወደ ጓሮ ወጥታ አንድ እስር ጤና አዳም ቆረጠች። ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ «ይህን ሳትይዢ እንዳትሄጂ። ያለ ጤና አዳም ምን አራስ ቤት አለ?» አለችኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አቃቂን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ ተነሥታችሁ 1,600 ሜትር ገደማ ወደሆነው የስምጥ ሸለቆ ወለል ስትወርዱ፣ ቁልቁለቱን የሚነግራችሁ ሰውነታችሁ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ነጠላ ይወርዳል፤ ሞጆ ላይ ሹራብ ይወልቃል፤ ቆቃ ላይ ግራና ቀኝ መስኮት ይከፈታል። ሙቀቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የያዝኩት ጤና አዳም አውቶቡሱን በሽታው ሞላው። ሞጆ ላይ ለቡና ስንወርድ አንዲት ተሳፋሪ፣ «እህቴ፣ ለስኒዬ አንድ ቅጠል ቢተርፍሽ» አሉኝ። ለእሳቸው ሰጥቼ ሳልጨርስ ሦስት እጅ ተዘረጋ። እናቴ ያሰረችው እስር እዚያው በግማሽ ቀነሰ።

ከዓለም ጤና አልፎ ወደ መቂ ሲቃረብ የመንገዱ ዳር መልኩን ይለውጣል። ሽንኩርትና ቲማቲም በሣጥን ተደርድሮ ይታያል፤ ከጎኑም ፓፓያ አለ። ዛፉን ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም፤ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጉ ቅጠሎች አሉት። ፍሬው ከቅጠሎቹ ሥር ግንዱን ከቦ ይንጠለጠላል። ዛፍ ብንለውም እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ወይራ ጠንካራ እንጨት የለውም፤ ውስጡ ባዶና ለስላሳ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ሲሆን፣ ዛሬ ግን በስምጥ ሸለቆአችን እንደ አገር ልጅ ለምዷል።

የእህቴ ቤት ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ቆሮሶና አምባዛ የጫኑ ሰዎች በበሯ ያልፋሉ። ባለቤቷ ወደዚያ ቤት በገቡበት ዓመት የተከላቸው ሦስት ፓፓያዎች በግቢው ውስጥ ቆመዋል። እኔ ስደርስ ሁለቱ ፍሬ ተሸክመው ጎንበስ ብለዋል፤ አንደኛው ግን በረጃጅም ዘለላ አበባ ብቻ ያንጠለጥላል። «ይሄኛው ወንድ ነው፤ አይወልድም» አለኝ የእህቴ ባል እየሳቀ። ከዘር የበቀለ ፓፓያ ወንድ ይሁን ሴት እስኪያብብ ድረስ አይለይም። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ሦስት ያህል ችግኝ ተክለው፣ ሲያብብ ፍሬ የሚሰጠውን አስቀርተው ሌላውን ያነሣሉ።

በደረስኩ ማታ ሕፃኑ ያለቅስ ጀመር። ከተወለደ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ፣ ፊቱ እየቀላ፣ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ አላባራም። እናቴ ዘንድ ስንደውል መልሷ አጭር ነበር፤ «ጤና አዳሙን ጨምቀሽ በሻይ ማንኪያ አቅምሺው። ቁርጠት ነው።» ሲነጋ በሠፈሩ ሁሉም «አዴ» እያሉ የሚያከብሯቸው ጎረቤት መጡ፤ እሳቸውም ያንኑ አሉ። እኔው ነኝ ቅጠሉን የወቀጥኩት። እኔው ነኝ በውኃ በጥብጬ በነጠላ ጫፍ ያጠለልኩት። ማንኪያውን ይዤ ወደ ሕፃኑ አፍ ሳስጠጋ በሩ ተንኳኳ፤ አራሷን ለማየት የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች።

ልጅቷ ዕድሜዋ ከእኔ ያንሳል። ማንኪያውን አየችና ሳትቆጣ፣ «እህቴ፣ እሱን ይደፉት። ይህ ልጅ እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አይቀምስም፤ ውኃም ቢሆን» አለችኝ። ወደ አዴም ዞር ብላ፣ «እናቴ፣ ለአዋቂ ሆድ የሚሆን ነገር ለዚህ ሆድ አይሆንም» አለቻቸው። ከዚያም ሕፃኑን ገልጣ ሆዱን ዳሰሰች፤ ሙቀቱን ለካች፤ ጡት ሲይዝም ተመለከተች። አያያዙ ትክክል ስላልነበረ አየር ይውጥ ኖሯል። አፉን ሰፋ አድርጎ ጡቱን እንዲይዝ አስተካክላ፣ ከጠባም በኋላ ትከሻ ላይ አቁመው ጀርባውን እንዲያሻሹት አሳየች። ሕፃን ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ግን ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለና ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ እንዳለበት ነግራን ሄደች።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ያን ዕለት አፈርኩ። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አያያዝ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ! ማንኪያውን የያዘው ግን የእኔው እጅ ነበር። ነገሩን በስልክ ለእናቴ ስነግራት፣ «እናንተን በምን ያሳደግኋችሁ ይመስልሻል?» ብላ ዘጋችብኝ። እናቴ ስድስት ወልዳ አምስት አሳድጋለች። ስለ ስድስተኛው በቤታችን አይወራም። በምን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ እኔም በጤና አዳም ነው አልልም። ነገር ግን ያደግነው «በዚህ ነው ያደግነው» ብለን ስናወራ፣ ያላደጉት ቃላቸውን ሊሰጡ እንደማይችሉ ያን ዕለት ገባኝ።

ይህን ስል ጤና አዳምን ከጓሯችሁ ንቀሉ ማለቴ አይደለም። ከቡና ስኒ፣ ከአይብ፣ ከበርበሬ ድልዝ ጋር ያለው ቦታ የታወቀ ነው። የደረቀው ፍሬው የሌለበት በርበሬ ለብዙዎቻችን በርበሬ አይመስለንም። ነገር ግን የሎሚና የብርቱካን ወገን የሆነው ይህ ተክል ኃይለኛ ቅመም ነው። እርጉዝ ሴት ጭማቂውን ወይም ፍሉን ልትጠጣው አይገባም፤ ማሕፀንን አነሣሥቶ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላልና። ሌላም አለ። ቅጠሉን በባዶ እጅ ስትቆርጡ ፈሳሹ ቆዳችሁን ነክቶ ያው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው፣ እንደ እሳት ቃጠሎ የሚያቀላና ውኃ የሚቋጥር ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ወይም በማታ ቁረጡት፤ እጃችሁንም ወዲያው በሳሙና ታጠቡ። ልጆችም እየበጠሱ እንዳይጫወቱበት ተከላከሉ።

ወደ ፓፓያው ልመለስ። እህቴ በቆየሁባቸው ቀናት ሁሉ የበሰለ ፓፓያ እየቆረጠች አቀረበችልኝ። የበሰለው ፓፓያ ለዓይንና ለሰውነት መከላከያ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ የሚገነባ ንጥረ ነገርና ቫይታሚን ሲ ይዟል። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ በሹካ ደፍጥጦ ለመስጠት ከዚህ የሚቀል ምግብ የለም። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ግን ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ስላለው እርጉዝ ሴት እንዳትበላው ይመከራል። ሥጋ የሚያለሰልሰውም ይኸው ፈሳሽ ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ስሰማ ልቤ ሸፈተ። ለልጅ ጤና አዳም ማቅመስ ቀርቶ ፓፓያ ማብላት ሲቻል፣ ያቺ አራት እርምጃ መሬት ለምን በቅመም ትያዛለች አልኩ። የእህቴ ባል በላስቲክ ያፈላውን ሁለት ችግኝ ሰጠኝ። አዲስ አበባ እንደገባሁ እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጠዋት የጤና አዳሙን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅዬ ፓፓያዎቹን ተከልኩ። እናቴ ስትመለስ ጉድጓዱን አየች፤ ምንም አልተናገረችም። ከተነቀለው ላይ ጥቂት ቅርንጫፍ ለቅማ ወደ ቤት ገባች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። እስከ ሰኔ ችግኞቹ ጉልበቴ ድረስ ደረሱ፤ ጎረቤቶችን እየጠራሁ አሳየሁ። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረታ። የግቢዬ አፈር ዋልካ ነው፤ ውኃ ያቁራል። ፓፓያ ደግሞ ሥሩ ውኃ ላይ ሁለት ቀን ከቆመ የሚበሰብስ ተክል ነው። አንደኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ሁለተኛው ክረምቱን እንደምንም አለፈ። ኅዳር ላይ ግን ሌሊቱ ቀዘቀዘ፤ አንድ ጠዋት ስወጣ ቅጠሎቹ ጠቁረው ተንጠልጥለዋል። ውርጭ መትቶት ነበር። በባቱ በዓመት ጊዜ ውስጥ ፍሬ መስጠት የሚጀምር ዛፍ፣ በእኔ ግቢ ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩልኝ። ፓፓያ ሙቀት፣ ፀሐይ፣ ውኃ የማያቁር አፈርና ለእያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። በባቱ፣ በሐዋሳ፣ በአርባ ምንጭ፣ በድሬዳዋ ያላችሁ እናቶች ግቢያችሁ ትንሽም ብትሆን አንድ ሁለት ብትተክሉ ልጆቻችሁን ትመግባላችሁ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርድ ባለበት ከተማ ግን ድካሙን አይክስም፤ ፓፓያውን ከገበያ ግዙት፤ በግቢያችሁ ለልጆች ጎመንና ካሮት ዝሩ። ጤና አዳም በበኩሉ ብርዱንም ይችላል፣ መጠነኛ ሙቀቱንም ይችላል፤ በባልዲ ይበቅላል፤ ውኃ ብዙ አይፈልግም፤ ከዘርም ከቁርጥራጭም ይጸድቃል፤ ለዓመታትም ይቆያል። ሆኖም ማጣፈጫ እንጂ ምግብ አይደለም፤ የሕፃን መድኃኒትም አይደለም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሥር ይበቃል።

ለጥምቀት እህቴ ልጇን አዝላ፣ አንድ ዘምቢል ፓፓያ ይዛ መጣች። ልጁ አሥር ወር ሞልቶታል። እናቴ አንዱን ቆርጣ፣ ፍሬውን ጠርጋ፣ በሹካ ደፍጥጣ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን፣ የልጃቸው ልጅ የሁለት ወር ጨቅላ ሌሊት እንደሚያለቅስ ሲያነሡ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «ጡት ብቻ ስጡት። ከስድስት ወር በፊት ሌላ የለም። ካልተወው ጤና ጣቢያ ውሰዱት» አለች።

ከዚያም ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። በአሮጌ ባልዲ ውስጥ፣ እኔ ከነቀልኩት ላይ ለቅማ የተከለችው ጤና አዳም አቆጥቁጧል። አንድ ጫፍ ቆርጣ አመጣችና በጎረቤታችን ስኒ ውስጥ አኖረችው።