የ4 ቁጥር ነገር



ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን እሱም መምህር ሆኗል፤ የሚሠራበትን ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ቲቸር፣ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ሁለት ፖይንት ጋርድ አሉኝ፤ ቋሚ ማንን ላድርግ?» አለኝ። «ጽፌ እመልስልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የራሴ ታሪክ መጥቶብኝ ነው። ይኸው፣ ለእሱም ለእናንተም ጻፍኩት። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ቅርጫት ኳስ ለማትከታተሉ፦ ፖይንት ጋርድ ማለት ኳሱን ከራሷ ሜዳ ተቀብላ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ የምታሻግር፣ ማን የት እንደሚቆም የምትናገር፣ ለማን እንደሚቀበል የምትወስን ተጫዋች ናት። በእግር ኳስ አማካይ እንደምንለው ነው፤ ግን ይኼኛው ይብሳል፤ ሰዓት አለበት። ኳሱ በ8 ሰከንድ ውስጥ የመሐሉን መስመር ካላለፈ ዳኛው ይነፋል። በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ ካልተወረወረም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ስለዚህ ተጋጣሚው ብልህ ከሆነ ሌሎቹን ትቶ እሷን ያፍናታል። እሷ ታፈነች ማለት ቡድኑ ታፈነ ማለት ነው።

«ቁመት ያላትን አስቀድም» የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ማግሲ ቦግስ የሚባለው ሰው 1 ሜትር ከ60 ነበር፤ በአሜሪካው ኤንቢኤ 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ማጂክ ጆንሰን ደግሞ 2 ሜትር ከ6 ሆኖ በዚያው ቦታ ነግሧል። የሁለቱ ልዩነት የአንድ ሕፃን ልጅ ቁመት ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። ወረታ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ሜዳችን ሲሚንቶ ነው። የፎገራን አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። ላዩ ላይ የፈሰሰው ሲሚንቶም አብሮ ይሰነጠቃል። ኳስ ስታነጥሩ አንዱ ጋ ቀጥ ብላ ትመለሳለች፤ አንድ እርምጃ ወዲያ ደግሞ ወደ ጎን ትሄዳለች።

ያንን ሜዳ ከሁሉ አጥርታ የምታውቀው 4 ቁጥር ነበረች። (ያኔ ማሊያ ከ4 እስከ 15 ነበር፤ 1፣ 2 እና 3 ቁጥር አይለበስም።) የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ የቡድኑ አምበል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቋሚ። እያንዳንዷን ስንጥቅ ለይታ ታውቃታለች።

ልጅቷ ከርብ ማዶ ናት። ያ አገር ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረበትና ውሃው ለሌላው እህል መከራ የነበረው መሬት የሩዝ አገር ሆነ። ሩዝ ሲያፈራ ወፍ ይጠበቃል። እሷም ልጅነቷን ወንጭፍ ይዛ ማማ ላይ ነው ያሳለፈችው። ድምጿ ከዚያ የመጣ ነው። «ነይ!» ስትል ግቢው በር ላይ ያለው ዘበኛ ይዞራል።

አገራችን በ1954 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከተሳተፉት 5 አገሮች አንዷ ነበረች። 4 ቁጥር ግን የቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ የነካችው ኮሌጅ ስትገባ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ መድረሷ ራሱ ይገርመኝ ነበር።

በዚያ ዓመት 7 ቁጥር መጣች። አንደኛ ዓመት፣ የባሕር ዳር ልጅ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኳስ ይዛለች። በቀኝም በግራም ታነጥራለች፤ ዓይኗ ኳሱ ላይ ሳይሆን ጓደኞቿ ላይ ነው። 4 ቁጥር በግራ እጇ ማንጠር አትችልም ነበር። ወረታ ላይ ይኼ አይታይም፤ ስንጥቁ ይሸፍንላታል፣ ተጋጣሚው ሜዳውን አያውቀውምና። ባሕር ዳር ለስላሳ ሜዳ ላይ ግን አንድ ጎበዝ ተከላካይ በቀኟ በኩል ከቆመችባት አለቀ።

ባሕር ዳር የኮሌጆች ውድድር ነበረብን። ሁለት ሳምንት ልምምድ ላይ አፈራርቄ ሞከርኳቸው። ደብተር ያዝኩ፦ ስንት ኳስ አስነጠቀች፣ ስንት ጊዜ ያቀበለችው ኳስ ነጥብ ሆነ። ደብተሩ የሚናገረው ግልጽ ነበር፤ 7 ቁጥር ትሻላለች። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል፤ አትናገርም። አንደኛ ዓመት ናት፤ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ታላላቆቿ። ስትጠራቸው እንኳ «እባክሽ ነይ» ነው የምትለው። «እባክሽ» እስክትል ኳሱ ሄዷል።

ቢሆንም ረቡዕ ማታ ወሰንኩ። ቋሚዋ 7 ቁጥር። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምወስነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ረቡዕ ወሰንኩ፤ ሐሙስ ለ4 ቁጥር አልነገርኳትም። ልምምድ ላይ አብራኝ ኮን ስትሰበስብ አንድ ሁለቴ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። «እስቲ ነገ» አልኩ። አርብም እንዲሁ። አርብ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስም ዝርዝሩን ጽፌ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩና ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ተማሪ እያየኝ እንዳልለጥፍ ሁሉም እራት እስኪገባ ጠብቄ ነው የለጠፍኩት። ይኼንን እስከዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴ «ሥራ ነው፤ ስፖርት ላይ ይሉኝታ የለም» እለው ነበር። ውሸቴን ነው። ፊቷን ላለማየት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሌላ ጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ ዘፈን የምታወጣው እሷ ነበረች። ሐሙሲትን አልፈን ባሕር ዳር እስክንገባ ድምጿን አልሰማሁም።

ጨዋታው ተጀመረ። ተጋጣሚው እንደፈራሁት ከዳር እስከ ዳር ፕሬስ አደረገን። 7 ቁጥር ኳሱን አላስነጠቀችም። ግን የሚረዳት ይመጣላታል ብላ ትጠብቃለች፤ አትጠራም። ዳኛው በእጁ እየቆጠረ 8 ሰከንድ፤ ፊሽካ። ደግሞ 8 ሰከንድ፤ ፊሽካ። ሦስት ጊዜ። ታይም አውት ጠራሁና ጮህኩባት፦ «ተናገሪ እንጂ! አፍ የለሽም?» ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ያኔ 4 ቁጥር ከተጠባባቂ ወንበር ተነሣች። የውሃውን ኮዳ አቀበለቻትና «ሜዳ ውስጥ እባክሽ የለም» አለቻት። «ትልቅ ትንሽም የለም። ‹ነይ!› በይኝ። እኔን በይኝ፣ አሁን።»

«ነይ» አለች፣ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም።»

«ነይ!»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። እኔ ሁለት ሳምንት ያልቻልኩትን በ1 ደቂቃ ሠራችው። ለዚያውም ቦታዋን ለወሰደችባት ልጅ።

በሁለተኛው ሩብ 4 ቁጥርን አስገባኋት፤ በ7 ቁጥር ፋንታ ሳይሆን ከ7 ቁጥር ጎን። አንዷ ታነጥራለች፣ አንዷ ትጠራለች። ፕሬሱ ተበተነ። ለምን ቀድሞ እንዳልታየኝ አላውቅም፤ ደብተሬ ላይ «ወይ እሷ ወይ እሷ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። በ3 ነጥብ ተሸነፍን፤ ግን ያሠለጠንኩት ቡድን እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም።

ጨዋታው እንዳለቀ አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ አባት በሕዝቡ መሐል አልፈው ወደ እኔ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ጥግ ቆመው አይቻቸዋለሁ፤ መንገድ የሳቱ ነበር የመሰለኝ። ዝቅ ብለው እጄን ያዙ። ጫጫታ ነው። «ልጄን ስላስተማሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ያሉኝ መሰለኝ። «አሜን አባቴ፣ ምን አደረግኩ!» ብዬ ተለያየን። የ4 ቁጥር አባት መሆናቸውን ከሌሎቹ ሰማሁ። ደስ አለኝ። በቃ።

4 ቁጥር በዚያው ዓመት ተመረቀች። 7 ቁጥር በሁለተኛ ዓመቷ አምበል ሆነች፤ በድምጿም ግቢውን አስቸገረችው።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ሩዝ በሚታጨድበት ወቅት፣ ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤቶቹ አጠገብ 4 ቁጥርን አገኘኋት። የልማት ሠራተኛ ሆናለች። «ቲቸር!» ብላ ስትጠራኝ መንገዱ ሁሉ ዞረ፤ ድምጿ ያው ነው። ቡና ጋበዘችኝ። የዚያን ጊዜ ልጆች አንድ በአንድ ስናነሣ ቆየንና እኔው ራሴ «ያቺን ባሕር ዳር ታስታውሻታለሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ።

አባቷ ስትጫወት አይተዋት አያውቁም። «አምበል ነኝ» ስትላቸው ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁ «እንደ ጎበዝ አለቃ ነው» ብላቸዋለች። ለዚያ ጨዋታ አርብ ከቀዬአቸው ተነሥተው ወረታ ዘመድ ቤት አድረው፣ ቅዳሜ በማለዳ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ገብተዋል። የእኔ ወረቀት በሩ ላይ ሲለጠፍ እሳቸው መንገድ ላይ ነበሩ። ሜዳ ሲደርሱ አምስት ልጆች ይሮጣሉ፤ የእሳቸው ልጅ ተቀምጣለች። ተጠባባቂ ወንበር ምን እንደሆነ ማን ነግሯቸው! ቅጣት መሰላቸው። ምን አጥፍታ ይሆን ሲሉ ቆዩ። ኋላ ስትገባ መምህሯ የማሯት መሰላቸው።

«ቲቸር፣ አባዬ ያሉዎት ‹ስላስተማሩልኝ› አይደለም» አለችኝ። «‹ልጄን ስለማሩልኝ› ነው ያሉዎት። እርስዎም ‹አሜን› አሉ።»

ስኒውን አስቀመጥኩት።

«ታዲያ ለምን አላስረዳሻቸውም?»

«ምን ልበላቸው? ‹ከእኔ የምትሻል መጣች› ከምላቸው ጥፋተኛ ብሆን ይቀለኝ ነበር፤ ያኔ ልጅ ነኛ። አሁንም እርስዎን ሲያነሡ ‹ያ መሐሪ መምህር› ነው የሚሉዎት።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «እሷ ከእኔ ትሻል ነበር፤ እኔም አውቀው ነበር። ያለቀስኩት ስለዚያ አይደለም። ከበር ላይ ማንበቤ ነው። ሐሙስ ቢነግሩኝ ኖሮ ለአባዬ ‹ተቀምጬ ብታየኝ እንዳትደነግጥ፣ ተራ ነው› እለው ነበር።»

ከፖይንት ጋርድ ሁሉ በላይ የምንፈልገው ሳትፈራ እንድትናገር ነው። አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ «ነይ» ማለት ፈራች ብዬ በሕዝብ ፊት ጮህኩባት። እኔ ራሴ ግን፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ትልቅ ሰው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ፈርቼ በባጃጅ ሸሽቻለሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ለጥያቄህ መልሱ ይኼ ነው። ደብተር ያዝ፤ ስንት እንዳስነጠቀች፣ ስንት እንዳቀበለች ጻፍ። ቤታችሁ ሜዳ ላይ ብቻ አትመዝናት፤ ስንጥቁን የማታውቅበት ሜዳ ላይም እያት። ስትታፈን ትጠራለች ወይስ ትጠብቃለች? እሱን ተመልከት። ሁለቱን አብረህ ማሰለፍ እንደምትችልም አትርሳ። ከዚያ ወስን፤ የሚሻለውን በመምረጥህ አትፈር።

ከወሰንክ በኋላ ግን አትደር። ያልመረጥካትን ልጅ ቀን በብርሃን፣ ብቻዋን ጥራት። ደብተሩን ግለጥላት። ምክንያትህን ንገራት፤ ብታለቅስም ቁጭ ብለህ ጠብቃት። አንድ ነገር ደግሞ ጠይቃት፦ «ሊያይሽ የሚመጣ ሰው አለ?» ዝርዝሩን ከዚያ በኋላ ለጥፈው።

ይኼን ከመጻፌ በፊት 4 ቁጥርን ደውዬ አስፈቅጃታለሁ። ሳቀች። «ይጻፉት ቲቸር» አለችኝ። «ስሜን አይጻፉ። ቁጥሬን ግን ይጻፉት።»