የራሳችንን ሣር መልሰን የገዛንበት ሰኔ

ድርቆሽ ሲረክስ ፈረስ ይወደዳል፤ ድርቆሽ ሲወደድ ፈረስ ይረክሳል። ይህን ለሱሉልታ፣ ለጫንጮና ለሙከጡሪ ገበሬ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግም። የኅዳርንም የሰኔንም ገበያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይኸው ማወቃችን ነው። ሳናውቅ ያመለጠን ቢሆን ኖሮ አለመታደል ነው ብዬ በተውኩት። እኛ ግን እያወቅነው፣ በየዓመቱ ቡና ላይ እያወራንበት፣ በየዓመቱ አሳለፍነው።

ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ የሚዘረጋው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ብዙው ቦታ ለእህል አይመችም። ለሣር ግን እንደሱ ያለ የለም። መስከረም ሲጠባ ሣሩ ከማገጥ ጋር ተቀላቅሎ ጉልበት ይደርሳል። ማንም አላረሰውም፣ ማንም አልዘራውም፣ ማንም የማዳበሪያ ዕዳ አልገባበትም። በሜዳው ላይ ደግሞ ፈረስ አለ። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ወገን ሲከፍሉ የአካባቢያችንን የሰላሌን ፈረስ ከባሌ፣ ከሆሮ፣ ከከፋና ከሌሎቹ ለይተው ለብቻው አስቀምጠውታል። የአገሪቱ ትልቁ ከተማ፣ ላሞቹንና የሚደልቡ በሬዎቹን ይዞ፣ ከሱሉልታ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። በነጻ የሚበቅል ሣር፣ በስም የታወቀ ፈረስ፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ገዢ። ከዚህ በላይ ምን ይሰጠን ነበር?

ያኔ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭድ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ብር ይቸግረዋል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ግብር አለ፣ የልጅ ደብተር አለ፣ ጥር ላይ የሚደገስ ሠርግ አለ። ስለዚህ ሣሩ በቁሙ ይሸጣል። ገዢው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሜዳውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፣ በዓይኑ ይለካዋል፣ ዋጋ ይቆርጣል። ከዚህ ሜዳ ስንት እስር እንደሚወጣ እሱ ያውቃል፤ ሻጩ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን በዚያ ሜዳ ላይ የኖረ ሰው የገዛ ሣሩን ልክ አያውቅም! አጫጆቹን ገዢው ያመጣል፣ አሳሪዎቹን ያመጣል፣ አይሱዙውን ያቆማል፣ በጥቂት ቀን ሜዳው ራቁቱን ይቀራል። እኛም ብሩን ቆጥረን "ዘንድሮ ደህና ሸጥን" እንባባላለን።

የፈረሱ ዋጋ በዚህ ጊዜ ገና ፊቱን አላጠቆረም። በታኅሣሥና በጥር ውቂያ ያልቃል፣ እህል ይሸጣል፣ ገበሬው እጅ ላይ ብር ይገኛል። ጥምቀት ይመጣል፤ ጥሩ ፈረስ ላይ ተቀምጦ መታየት የማይወድ ወጣት የለም። ባለጋሪውም የደከመ ፈረሱን የሚቀይረው በዚህ ወቅት ነው። ደላላው ሳይቀር ፈገግታ ይታይበታል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፤ ግጦሹ ይደርቃል፣ ገለባው ይመናመናል። ግንቦትና ሰኔ ዘርና ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። ፈረሱ አጥንቱ ወጥቶ ገበያ ይቆማል፤ ገዢውም የፈረሱን ጎድን እየቆጠረ ዋጋ ይሰብራል።

የፈረስ ሆድ ምን ያህል እንደሚፈጅ በአሃዝ ላስቀምጠው፤ ያኔ ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላውምና። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ 200 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ይህ 5 ኪሎ ነው። ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ወር፣ 180 ቀን ነው፤ ድምሩ 900 ኪሎ። አንዱን እስር 15 ኪሎ ብንይዘው 60 እስር ይሆናል። እንግዲህ የአንድ እስር ዋጋ ከኅዳር እስከ ግንቦት 10 ብር በጨመረ ቁጥር ያ ፈረስ ባለቤቱን 600 ብር ያስወጣዋል። 100 ብር ከጨመረ 6,000 ብር ነው። ጋሪ ላይ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ድርቆሽ ብቻውን አያቆመውም፤ ፉርሽካ ይጨመርለታል፣ ገብስም ከተገኘ። በኅዳር 60 እስር ከራሱ ሜዳ አጭዶ ያስቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ አያገባውም። እኛ ግን አላስቀመጥንም። ሰኔ ላይ ወደ ባለ አይሱዙው መጋዘን ሄደን የገዛ ሣራችንን፣ ሽታውን እንኳ የምናውቀውን ሣር፣ በእስር እየቆጠርን ገዛን። መግዛት ያቃተው ፈረሱን ሸጠ፤ ያውም ሁሉም በሚሸጥበት ሳምንት።

ድርቆሽ ገበያ ላይ ፈረስ ብቻውን አይቆምም፤ ላምና በሬም ይጫረታሉ። ላም የበላችውን በየቀኑ በወተት ትከፍላለች። የሚደልበው በሬ ለፋሲካ ይከፍላል። ፈረሱ የሚከፍለው ሥራ ካገኘ ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ የእሱ ሥራ ነው። በዚህ ላይ የበሬ ዋጋ ወለል አለው። እግሩ ቢሰበር እንኳ ሥጋው ይሸጣል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። በእኛ አገር የፈረስ ሥጋ አይበላም፤ ስለዚህ ዋጋው የሚያርፍበት ወለል የለውም። ሲወርድ ዜሮ ድረስ ይወርዳል። ባጃጅ ወደየከተማው ሲገባና ጋሪ ከዋና መንገድ ሲባረር ያየነው ይህንኑ ነው። ትናንት ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ ፈረስ አስፋልት ዳር ተለቀቀ። የሚገዛው የለም፣ የሚያርደው የለም፣ የሚያበላው የለም፤ ማታ ጅብ ነበረለት።

ሀብታም አገርም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ ሦስት የፈረስ ማረጃዎች፣ ሁለቱ ቴክሳስ አንዱ ኢሊኖይ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጉ። በማግሥቱ ዓመት የገንዘብ ቀውሱ ተከተለ። የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት በማረጃዎቹ መዘጋት ምክንያት የርካሽና የመካከለኛ ፈረሶች ዋጋ ከ8 እስከ 21 በመቶ መውረዱን ገለጸ፤ ውድ ፈረሶችን ግን መዘጋቱ እምብዛም አልነካቸውም። እነሱን የነካቸው ቀውሱ ነው። በኬንታኪ፣ ኪንላንድ በሚባለው ስፍራ በየመስከረሙ የሚካሄደው የአንድ ዓመት የእሽቅድምድም ፈረሶች ሽያጭ በ2006 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቶ ነበር፤ በ2009 የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሪፖርቱ በወጣበት ዓመት ደግሞ ቴክሳስን ከባድ ድርቅ መታትና ድርቆሽ ከሌላ ግዛት በከባድ መኪና መጫን ተጀመረ። ወለሉ ከሥሩ የተወሰደበት ፈረስና ዋጋው የናረ ድርቆሽ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ የሚሆነውን እነሱም አዩት። ልዩነቱ፣ የእነሱ ወለል በ2007 ፈረሰ፤ የእኛ መጀመሪያም አልነበረም። ስለዚህ ከእነሱ ይልቅ እኛ ነበርን መጠንቀቅ የነበረብን።

በፈረሱ ዋጋ ላይ አቅም አልነበረንም። ባጃጅን ልናስቆም አንችልም፤ የሰኔንም ችግር ልናስቀር አንችልም። በሣሩ ወጪ ላይ ግን አዛዦቹ እኛ ነበርን። የሚያስፈልገው አራት ምሰሶና ጣሪያ ነው። ድርቆሹ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ቢቀመጥ፣ የበልግ ዝናብ እንዳይመታው ከላይ ቢሸፈን፣ ግማሹን በኅዳር ሸጦ ግማሹን ለሚያዝያ ማቆየት ይቻል ነበር። አምስት ስድስት ጎረቤት ሆኖ አንድ ቢሠራ፣ እስሩን ቆጥሮ ቢያስገባ፣ ለከተማው ላም አርቢ በቀጥታ ቢያስረክብ። ለወተታችን ማኅበር ነበረን፤ በየጠዋቱ እየለካ ይረከበን ነበር። ወተቱን ለምታስገኘው ሣር ግን ማኅበር ማቋቋም ለምን ትዝ እንዳላለን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የአጨዳው ጊዜም ሌላ ጉዳይ ነው። ሣር አበባ ሲይዝ ቢታጨድ ለፈረስም ለላምም ኃይል ይሰጣል፤ ዘር ካራገፈ በኋላ ግን አገዳ ብቻ ይቀራል። እኛ እስኪበዛ ስንጠብቅ፣ አጫጅ እስኪረክስ ስንጠብቅ፣ የመስከረም ዝናብ ይመታዋል ብለን ስንፈራ ኅዳር ይደርሳል። ዝናቡን መፍራቱ እውነት ነው፤ የታጨደ ሣር ከረጠበ ይሻግታል። ሌሎቹ ሁለቱ ሰበቦች ግን ስንፍና ናቸው። ከብዛት ያተረፍነውን ከጥራት ከሰርነው፤ ከዚያ ፈረሱ ሆዱ ሞልቶ ጎኑ ሲከሳ "ዓይን በላው" አልን።

ጎጃም ውስጥ ሌላ ነገር አይቻለሁ፤ እሱ ደግሞ በሌላ በኩል ያስቀናል። አዊ ዘንድ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቹ በዕቃቸው ደምቀው ይወጣሉ። እዚያ አገር ፈረስ የሚገዛው ለጋሪ ብቻ አይደለም፤ ለክብርም ይገዛል፤ ስለዚህ ባጃጅ መጣም አልመጣም የሚፈልገው ሰው አይጠፋም። እኛስ? ጉግስ ነበረን፣ የፈረስ ስም ያላቸው አያቶች ነበሩን፣ በጥምቀት ሜዳውን የሚያስጨንቁ ልጆች ነበሩን። ማኅበር አላደረግነውም፤ ተበተነ። አዊም ቢሆን ከሣር ችግር ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ የግጦሽና የእርሻ መሬት ለከሰል በሚተከለው በዲከረንስ ዛፍ ተሸፍኗል፤ ያም ዛፍ በቅርብ ዓመታት በበሽታ ተመቷል።

የእኛ ሜዳ አሁን የለም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ፋብሪካው መጣ፣ ከዚያ ሪዞርቱ፣ ከዚያ አጥር ብቻ የታጠረበት ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ፎቅ። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ አካል ሆነች። የቀረችው ሣር ዋጋዋ ከምናስበው በላይ ሆኗል፤ ያኔ ብናስቀምጠው ኖሮ ያልኩት ሁሉ ዛሬ እውነት ቢሆንም የሚቀመጠው ነገር አልቋል። አንዳንዱ ሰው መሬቱ ስለሄደ ያለቀ ዕድል ነው ይላል፤ እኔ አልስማማም። መሬቱ ከመሄዱ በፊት ሃያ ሠላሳ ኅዳር አልፎናል። በእነዚያ ዓመታት ያጠራቀመ ቤት ቢኖር ኖሮ መሬቱን ሲጠየቅ በችኮላ አይሸጥም ነበር፤ ቢሸጥም የሚደራደርበት አቅም ይኖረው ነበር። ኅዳርን አልፎ መጠበቅ ያልቻለ ሰው መሬት ገዢንም መጠበቅ አልቻለም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ አነሳሁባቸው። አርጅተዋል፤ ፈረሳቸውን ከሸጡ ቆይተዋል።

"አጎቴ፣ ያን ጊዜ አንድ መጠለያ ብትሠሩ ኖሮ እኮ" አልኳቸው።

"በምን ገንዘብ ልጄ?" አሉኝ ቆጣ ብለው። "ቆርቆሮ በነጻ ይታደል ነበር እንዴ? አንተ አሁን በወረቀት ላይ ስለደመርከው ቀላል መሰለህ።"

"የትልቋ እህቴ ሠርግ ዳስ በምን ተሸፈነ?"

ይህን አልጠበቁም። የዚያ ሠርግ ዳስ በአገሩ የተወራለት ነበር፤ ጣሪያው በሙሉ አዲስ ቆርቆሮ ነው። ጣታቸውን እያጠፉ ማስላት ጀመሩ፤ ስንት ቅጠል እንደነበር፣ ምን ያህል ስፋት እንደሸፈነ፣ ከሥሩ ስንት እስር ሊደረደር ይችል እንደነበር።

"የታችኛውንም የላይኛውንም ሜዳ ሣር ይይዝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከሠርጉ በኋላ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት እኮ። የገዛኝም ያው ባለ አይሱዙው ነው፤ ድርቆሽ መጋዘኑን አለበሰበት።"