ሰው ለሽርሽር ነዳጅ ማደያ ይሄዳል?

የእህቴ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ልደትሽን የት እናክብርልሽ ብንላት፣ "ባኪስ ውሰዱኝ" አለች። ባኪስ ነዳጅ ማደያ ነው። ከምንኖርበት ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ውስጥ ማውንት ክሮፎርድ የሚባለው ቦታ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይነዳል። መካነ አራዊቱ፣ ሙዚየሙ፣ ባሕሩ ሁሉ እያለ ልጅ እንዴት ነዳጅ ማደያ ትመኛለች ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ግን የክፍል ጓደኞቿ ሄደው እንደነበር፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ቢቨር የታተመበትን ቲሸርት ለብሰው እንደሚመጡ ነገረችን። እህቴም የልጇን ወገን ያዘች። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ስለነበረች እሷንም ይዘን ቅዳሜ ጠዋት ወጣን።

ቦታው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ሲሆን በቨርጂኒያ የመጀመሪያው ነው። 120 የነዳጅ መቅጃ አለው፤ ሱቁ ወደ 7,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ያን ያህል መኪና በአንድ ጊዜ ሲቀዳ አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ የበለጠ የገረመኝ ግን ለመቅዳት ያልመጣው ሰው ብዛት ነው። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የቢቨሩን ሐውልት አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ውስጥ ገብተን ገና ዙሪያችንን ሳናይ መሀል ላይ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ሥጋ የሚከትፈው ሠራተኛ ትኩስ ብሪስኬት መድረሱን ጮኾ ሲያውጅ ጓደኞቹ ተቀብለው አስተጋቡ። እማዬ ደንግጣ ክንዴን ያዘች፤ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ደግነቱ ጾም አልነበረም።

ልጅቷ በካራሜል የተለወሰውን የበቆሎ ፈንዲሻ አቅፋ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ስትሮጥ፣ እማዬ ስኳር እየተቀባ ከሚቆላው ለውዝና ፒካን ፊት ቆመች። ሽታው ያዛት። ከዚያ የብሪስኬት ሳንድዊች ገዛን፣ መጠጡን ቀዳን፣ ከፈልን። እማዬም ዞር ዞር ብላ፣ "የት ነው የምንቀመጠው?" አለች።

መቀመጫ የለም። ይህ የአንድ ቅርንጫፍ ጉዳይ ሳይሆን ባኪስ የሚታወቅበት አሠራር ነው፤ ያን ያህል ሰው በቀን ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ማንም ስለማይቀመጥ ነው። ሁሉም ያለበት፣ የአትክልት ስፍራ ጌጥና የሥጋ መጥበሻ ምድጃ ሳይቀር የሚሸጥበት ቤት ለአንዲት እናት ወንበር የለውም። መኪናችን ውስጥ በላን። ሳንድዊቹ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ከፋኝ። መንገድ ወጥቶ አለመቀመጥ ምን ዓይነት እረፍት ነው?

ያደግኩት በደሴ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ደብረ ብርሃን መድረስ፣ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ በዚያ ብርድ ሁለት እጅን ብርጭቆው ላይ አድርጎ ሻይ መጠጣት፣ አንድ ትሪ ፍርፍር ከማያውቁት ሰው ጋር መብላት። "እንብላ" ሳይባባል የሚጎርስ አልነበረም። ረዳቱ ሠላሳ ደቂቃ ይላል፣ ሾፌሩ ግን በልቶ እስኪጨርስ ማንም የትም አይሄድም። ከዚያ ጣሊያን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ መኪናው ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ሥር ናቸው። ስንት ትዳር፣ ስንት የሥራ ወሬ፣ ስንት መርዶ በነዚያ ጠረጴዛዎች ዙሪያ እንደተሰማ! ዛሬ በዚያ መንገድ እንደ ድሮው መጓዝ ስንቱን እንዳስቸገረ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ለዚህም ይሆናል ወንበሩ ይህን ያህል የከነከነኝ።

ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ይህን ስነግረው ሌላ ነገር አሳየኝ። እሱ ትራክ ነው የሚነዳው፤ ባኪስ ደግሞ ትልልቅ የጭነት ተሳቢዎችን አያስገባም። "እኔ የማርፈው ሌላ ቦታ ነው" ብሎ ስለ አዮዋ ኤቲ አወራልኝ። አዮዋ ውስጥ ዎልኮት በሚባል ቦታ፣ በኢንተርስቴት 80 ላይ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተ፣ ራሱን የዓለም ትልቁ የትራክ ማረፊያ የሚል ነው። ወደ 900 የሚሆኑ ትራኮች ማቆም ይቻላል። ሻወር፣ ፀጉር ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ተቀምጠው የሚበሉበት ምግብ ቤት፣ የድሮ ትራኮች ሙዚየም ሳይቀር አለው። በየሐምሌው በሚደረገው የትራከኞች በዓል ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል አለኝ። ሳምንታት ከቤቱ ርቆ ለሚሠራ ሰው ያ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ከድምፁ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ነው አሜሪካኖች ለመንገድ ዳር ቤት ያላቸው ፍቅር ከየት እንደመጣ ማንበብ የጀመርኩት። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ዎል በምትባል ትንሽ ከተማ ቴድ ኸስቴድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1931 መድኃኒት ቤት ገዛ። ጊዜው የኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ስለነበር ደንበኛ የለም፤ መኪኖቹ አቧራቸውን እየበተኑ ያልፋሉ። በ1936 በጋ ሚስቱ ዶሮቲ አንድ ሐሳብ አመጣች፦ በሙቀት ለሚያልፈው መንገደኛ በረዶ ያለው ውኃ በነፃ እንስጥ፣ በመንገዱም ላይ ይህንኑ በሰሌዳ ጽፈን እንስቀል። ሰው ጎረፈ። ዎል ድራግ የሚባለው ይህ መድኃኒት ቤት እስከ ዛሬ ሰው ሆን ብሎ አቅዶ የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ውኃውም አሁንም በነፃ ነው። ባኪስም እ.ኤ.አ. በ1982 ቴክሳስ ውስጥ ሲጀመር ተራ ሱቅ ነበር። ስሙን ከፍ ያደረገው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ኒው ብራውንፌልስ ያለው ቅርንጫፍ በ2012 በአሜሪካ ምርጥ መጸዳጃ ቤት ተብሎ ተሸልሟል፤ በየአውራ ጎዳናው የሚሰቅላቸው ማስታወቂያዎችም የሚፎክሩት በዚሁ ንጽሕና ነው።

ወደ እማዬ የምመለስበት ምክንያት ይህ ነው። እናቴ መንገድ ሊኖር ከሆነ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውኃ አትጠጣም። አገር ቤት እንዲህ ነው የምትጓዘው፣ እናቷም እንዲህ ነበር የምትጓዘው። ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ ተብሎ አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ሲቆም የማትወርድ ሴት ናት። ከደሴ አዲስ አበባ ያን ሁሉ ሰዓት ከንፈሯ ደርቆ ስትመጣ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ያኔ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። በዚያ ቅዳሜም ጠዋት ቡና እንኳ ሳትቀምስ ነው መኪና ውስጥ የገባችው።

ባኪስ መጸዳጃ ቤት ይዣት ገባሁ። እያንዳንዱ ክፍል እስከ ወለሉ የሚደርስ ግድግዳና ሙሉ በር አለው፤ ባዶውና የተያዘው ከላይ በመብራት ይለያል። ሠራተኛዋ አንዱ ሰው ሲወጣ ወዲያው ገብታ ታጸዳለች። እማዬ ወጥታ እጇን ከታጠበች በኋላ ለሠራተኛዋ በአማርኛ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ተባረኪ" አለቻት። ቃሉ ባይገባትም ሴትዮዋ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ ተቀበለቻት። መውጫው አካባቢ ኩባንያው ለየሥራው በሰዓት የሚከፍለውን ዘርዝሮ የለጠፈበትን ሰሌዳ አነበብኩላት። "ይገባታል" አለች። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውኃ ገዝታ መንገዱን ሙሉ ጠጣች። እናቴ በመንገድ ላይ ውኃ ስትጠጣ ያን ቀን ነው የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

ስለዚህ በወንበሩ ላይ ያለኝ ቅሬታ እንዳለ ነው። የደብረ ብርሃኑን ትሪ በ120 መቅጃ አልለውጥም። ቲሸርቱም፣ ሸቀጡም ይብዛብኛል። ሆኖም ልጅቷ እንደገና እንሂድ ብትለኝ እሄዳለሁ፤ እማዬ ካለች ደግሞ እኔው ራሴ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ሰውን ወደዚያ የሚስበው ስፋቱ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን መንገደኛው በሰውነቱ ስለማያፍርበት ይመስለኛል። ጠረጴዛውን፣ "እንብላ"ውን፣ ቆሎውን እኛ አላጣንም፤ ያጣነው ይህን አለማፈር ነው፤ ያጡትም ይበልጥ እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

እዚህ ትራክ እየነዳችሁ፣ ነዳጅ ማደያ እየሠራችሁ፣ አገር ቤት መንገድ ዳር ሆቴል ለመክፈት የምታጠራቅሙ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናችሁ። እባካችሁ፣ ከፎቁና ከአዳራሹ በፊት ውኃ የማይቋረጥበት፣ መብራት ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ የሴቶች መጸዳጃ ሥሩ፤ ለምታጸዳውም ሴት ጥሩ አድርጋችሁ ክፈሏት።