ላስቲክና ተራ መስታወት



በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አዘውትሮ የሚወጣው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ መርጃ መሣሪያ አሠራርና ስለ ልምምድ ትምህርት ነው። እኛ ግን ዛሬ ይዘን የቀረብነው ስለ መኪና የጎን መስታወት ነው። «ምነው፣ እነዚህ ሠልጣኞች ጋራዥ ሊከፍቱ አሰቡ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከእኛው ሙያ ደጃፍ ያርፋል።

ለማስተማር ልምምድ ከነገሌ ቦረና ተነሥተን ወደ ወደራ ስንመላለስ የምንሳፈረው በአንዲት ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲያልፈን ከጎማው ሥር የተስፈነጠረ ድንጋይ የግራውን የኋላ በር መስታወት መታው። ድምፁ እንደ ጥይት ነበር። መስታወቱ ለአንድ አፍታ ነጭ ሆነ፤ ወዲያው ዝርግፍ ብሎ በሩ አጠገብ በተቀመጠችው ባልደረባችን ጭን ላይ ወረደ። ሁላችንም ጮኽን። መኪናው ቆሞ ስናያት ግን ነጠላዋ ላይ እንደ ሽምብራ የተቆለለ ብልጭልጭ ነገር እንጂ ደም አልነበረም። አንድ ጣቷ ላይ ቀላል ጭረት፣ በቃ።

«እግዜር ነው ያተረፈሽ» አልናት። ሾፌራችን ግን ከስብርባሪው ጭብጥ ሙሉ አንሥተው አሳዩንና፣ «እግዜርስ ልክ ነው ልጆቼ፤ ግን ይቺም መስታወት ድርሻ አላት። ስትሰበር እንዲህ እንድትሆን ተደርጋ ነው የተሠራችው» አሉን። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ይኸው ንግግራቸው ነው።

መቼም ልምምዱ አይቆምም። ስለዚህ ክፍተቱን በወፍራም ነጭ ላስቲክና በፕላስተር ሸፈንነው። ላስቲኩም ሥራውን ጀመረ፤ መኪናው ፈጠን ሲል እንደ ከበሮ ይመታል፣ ጆሮ ያደነቁራል፣ በየጠርዙም ቀዩን አቧራ ያስገባል። ከወደራ ደን ወጥተን ወደ ነገሌ ሙቀት ስንወርድማ ዝቅ የሚደረግ መስኮት ስለሌለ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ይታፈናል። በሦስተኛው ቀን ሁላችንም ተማረርን።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛው መስታወት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል ተባለ። ከነገሌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ታዝዞ፣ ተገዝቶ፣ በመኪና ተልኮ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ለቤት መስኮት መስታወት የሚቆርጥ አንድ ሰው፣ «ልኩን ብቻ አምጡልኝ፣ ዛሬውኑ ቆርጬ እሰጣችኋለሁ። ከገባ በኋላ ማን ይለየዋል?» አለን። ግማሾቻችን «ይሁን፣ ከዚህ ላስቲክ ይገላግለን» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ የሾፌሩን ንግግር ይዘን «ቆይ እስኪ» አልን። ከዚያም የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅን፣ አነበብን፣ ተከራከርን። ያገኘነውን እነሆ።

መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም

1ኛ/ የመኪና የፊት መስታወት። ይህ ሁለት መስታወት በመካከላቸው ስስ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቀ ነው፤ «ላሚኔትድ» ይሉታል። ቢመታ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፤ ፕላስቲኩ ስለሚይዘው ግን አይረግፍም። የዚህ ሐሳብ መነሻ በ1903 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳዊው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ እጅ የወደቀ የቤተ ሙከራ ጠርሙስ ነው ይባላል። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ደርቆ ስስ ሽፋን ሠርቶ ስለነበረ ጠርሙሱ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም። ሰውየው በ1909 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

2ኛ/ የጎን መስታወት። ይህ በአብዛኛው «ቴምፐርድ» የሚባለው ነው። መስታወቱ በመጀመሪያ ተቆርጦ ቅርጹን ይይዛል፤ ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ወዲያው በሁለት ፊቱ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል። ፊቱ ቀድሞ ይጠጥራል፣ ውስጡ ግን ገና ትኩስ ነው። ኋላ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ለመኮማተር ይሞክራል፣ የጠጠረው ፊት ግን አይለቀውም። ስለሆነም ፊቱ ዘወትር እንደ ተጨመቀ፣ ውስጡ ዘወትር እንደ ተወጠረ ይኖራል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከፊት ነው፤ የተጨመቀ ፊት ደግሞ ስንጥቅን በቀላሉ አያሳልፍም። በዚህ ምክንያት ውፍረቱ እኩል ከሆነ ተራ መስታወት አራት እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ስንጥቁ ፊቱን በስቶ ውስጥ ከገባ ግን የታመቀው ኃይል ባንዴ ይለቀቅና መላው መስታወት ዶልዱም ወደሆነ ጥራጊ ይለወጣል። ባልደረባችንን ያተረፋት ይኸው ነው። ትኩስ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰነጥቀው ድንገተኛ ቅዝቃዜ፣ እዚህ ላይ በልክና በእኩል ሲነፋ ያጠነክራል ማለት ነው። ለሳይንስ መምህራን ይህ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

3ኛ/ የቤት መስኮት መስታወት። ይህ እንዲህ ያለ ውጥረት በውስጡ የለም። በመቁረጫ ይቆረጣል። ሲሰበር ግን እንደ ጩቤ ረዣዥምና ስለታም ሆኖ ነው የሚሰበረው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ቴምፐርድ መስታወት አንዴ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ልቁረጥህ ቢሉት ሙሉ በሙሉ ይፈራርሳል። እንግዲያው «ቆርጬ እሰጣችኋለሁ» የሚል ሰው ሊሰጠን የሚችለው ሦስተኛውን ዓይነት ብቻ ነው። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ መቁረጥ በመቻሉ ብቻ መስታወቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ነግሮናል። ያ ድንጋይ በዚያ መስታወት ላይ ቢያርፍ ኖሮ በባልደረባችን ጭን ላይ የሚወርደው ሽምብራ አልነበረም።

«ኧረ አንድ የኋላ መስኮት ነው፣ ምን ያካብዳል?» ያሉም ነበሩ። ለእነሱ የመለስንላቸው ከዚሁ ከነገሌ ታሪክ ነው። በዚህች ከተማ በነበረው የጦር ሰፈር በ1966 ዓ.ም. የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሸ። ወታደሮቹ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግቡም መጥፎ ነበር። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አመፁ። ጉዳዩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የእነሱን ምግብ እንዲበሉ አደረጓቸው። ይህ አመፅ በዚያው ዓመት ለፈነዳው አብዮት ከተቆጠሩት የመጀመሪያ ብልጭታዎች አንዱ ነው። አብዮቱን ያመጣው ፓምፕ ነው አላልንም፤ ብዙ ምክንያት ነበረው። ግን «ትንሽ ዕቃ ነው» ተብሎ የተተወ ብልሽት ከጀርባው የሰው ደኅንነትና የሰው ክብር እንዳለ የነገሌ ልጅ ሊረሳ አይገባም። አባቶችስ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚሁ አይደል?

አለዋወጡ

ስለሆነም ትክክለኛውን አዘዝን። ሲታዘዝ የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዘመን፣ የበሩን ጎን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። በቀኙ በር መስታወት ጥግ ላይ ያለውን ማኅተም በስልክ ፎቶ አንሥተን ላክን። የመኪና መስታወት ጥግ ላይ የፋብሪካው ስምና የመስታወቱ ዓይነት ይታተማል፤ በብዙዎቹም ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ይገኛል። ማኅተም የሌለው መስታወት አጠራጣሪ ነው። ፖላራይዝድ በሚባለው የፀሐይ መነጽር ሲያዩት ደግሞ ቴምፐርድ መስታወት ላይ አየሩ የተነፋበት ጥላ ነጠብጣብ ወይም ሽንትር ሆኖ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ሁለት ሳምንት ገደማ በላስቲክ ተጉዘን መስታወቱ ደረሰ። ሾፌራችን «ኑ እናንተ ልጆች፣ እጃችሁን ፍቱ» ብለው እኛኑ አሠሩን። ጓንትና መነጽር አደረግን። የመስታወት ማንሻው እጀታ ከሥሩ በትንሽ የሽቦ መቆለፊያ ይያዛል። እኛ በካቻቢቴ ልንታገለው ስንል እሳቸው አንድ ጨርቅ በእጀታውና በበሩ ሽፋን መካከል አስገብተው ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ሽቦው ጠብ አለ። ከዚያ የእጅ ማሳረፊያውን ብሎኖች ፈታን፣ ሽፋኑን ከጥፍሮቹ ቀስ ብለን አላቀቅን፣ ከሥሩ ያለውን የእርጥበት መከላከያ ላስቲክ ሳንቀድ ገለጥን።

ብዙ ሰው የሚዘልለው ሥራ ቀጥሎ ያለው ነው። የተሰበረው መስታወት ግማሹ በበሩ ሆድ ውስጥ ነበረ። በበሩ ሥር የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስብርባሪው ከደፈናቸው ውሃው ይጠራቀምና በሩ ከውስጥ ይዝጋል። በመስታወቱ መንሸራተቻ ውስጥ አንዲት ፍንጣሪ ከቀረች ደግሞ አዲሱን መስታወት ትጭረዋለች። ስለዚህ በብሩሽ ጠረግን፣ በእጅ ለቀምን፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፈትን። የጠረግንበት ጊዜ ከገጠምንበት ይበልጣል።

አዲሱን መስታወት አዘንብለን በበሩ አናት አስገባን፤ አንዱ ከላይ ያዘ፣ ሌላው ከታች ከማንሻው ጋር በብሎን አሰረ። ብሎኑን መጀመሪያ ላላ አድርጎ አስሮ፣ መስታወቱን ከፍና ዝቅ አድርጎ መስመሩን ካስያዙ በኋላ ማጥበቅ ነው። መንሸራተቻው ጎማ ላይ የሞተር ዘይት መቀባት አይገባም፤ ጎማውን ያበላሻል፣ አቧራችንንም ይሰበስባል። የሲሊኮን ቅባት ይሻላል።

የማይከፈተው፣ በጎማ ዙሪያውን የተያዘው ዓይነት ከሆነ አገጣጠሙ ሌላ ነው። ጎማው መጀመሪያ ከመስታወቱ ጋር ይገጠማል፣ በጎማው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ገመድ ይዞራል፣ ሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ እየገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን በቀስታ ሲስብ የጎማው ከንፈር የላሜራውን ጠርዝ እየዋጠ ይገባል። ብቻን የሚሠራ አይደለም።

ወደ ሙያችን

ያ ላስቲክ ያስጠላል፣ ይጮኻል፣ አቧራ ያስገባል። አንድ ነገር ግን አያደርግም፦ አይዋሽም። ያየው ሁሉ «እዚህ ጋ መስታወት ጎድሏል» ይላል፤ ትክክለኛው እስኪመጣም ዕረፍት አይሰጥም። ተራው መስታወት ግን ያምራል፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ጉድለቱንም ይሸፍናል። ከተሸፈነ በኋላ ትክክለኛውን የሚጠይቅ የለም፤ የሚታወቀው የተሰበረ ዕለት ነው። ያን ዕለት ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠው መስታወቱን የመረጠው ሰው ላይሆን ይችላል።

ስብርባሪውን በተከደነ ጠርሙስ አድርገን ወደራ ለሳይንስ ትምህርት ወስደነው ነበር። ባልደረባችን ስታስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ መስታወት ፈሳሽ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» አላት። በቀላሉ «አዎ፣ ቀስ ብሎ የሚፈስ ፈሳሽ ነው» ብትለው ክፍሉ በረካ ነበር። ብዙ ሰው የሚያወራው መልስ ነውና። እሷ ግን «እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንብቤ ነገ እነግራችኋለሁ» አለች። ከኋላ የሳቁ ልጆች ነበሩ። በማግሥቱ ይዛ የመጣችው መልስ ይህ ነው፦ መስታወት ጠጣር ነው፤ ቅንጣቶቹ ግን እንደ ጨው በሥርዓት የተደረደሩ አይደሉም። የድሮ ሕንፃዎች መስታወት አንዳንዱ ከታች ወፈር የሚለው ፈሶ ሳይሆን ጥንቱን ሲሠራ ውፍረቱ እኩል ስላልነበረ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መልሷ ላስቲክ ነበር። ክፍተቱን አልደበቀም፤ ሳቁንም ተሸከመችው። ያ ልጅ ዛሬ በእጁ ያለው እውነት ግን በኋለኛው ክፍል፣ ከሌላ መምህር ፊት ሲመታ እጁ ላይ የሚፈነዳ አይደለም።

ስለዚህ እኛ ሠልጣኞች በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ የማናውቀውን «ነገ እነግራችኋለሁ» ለማለት አንፈር። ነገ ግን በእርግጥ ይዘን እንምጣ፤ ላስቲክ ዓመት ሙሉ ከተንጠለጠለ እሱም ቸልተኝነት ነውና። መምህሮቻችንም በልምምድ ስትገመግሙን ክፍተቱን በሚያምር ነገር የሸፈነውን ሳይሆን፣ የጎደለውን አሳይቶ ትክክለኛውን ፍለጋ የሄደውን ሠልጣኝ እንድታበረታቱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።