ውዝፉ ወደኋላ አይቀነስም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ተለያይታችሁ በሁለት ቤት ልጅ ለምታሳድጉ ነው። የቻይልድ ሰፖርት፣ ማለትም የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ፣ ደብዳቤ ሲመጣለት ሳይከፍት ከሌላው ቢል ጋር የሚደረድር ሰው ብዙ ነው። የከፈተውም ቃላቱ ሲያደናግሩት "እንግሊዝኛ ለሚችል አሳየዋለሁ" ብሎ ያስቀምጠዋል። ከእነዚያ ቃላት ሁለቱን ብቻ በደንብ ያወቀ ከብዙ ጣጣ ይድናል፤ አሪርስና ሞዲፊኬሽን።

አሪርስ ውዝፍ ነው። ፍርድ ቤት በየወሩ ክፈል ያለህ ገንዘብ ቀኑ ካለፈ፣ ማንም አዲስ ክስ ሳያቀርብብህ እንደተፈረደ ዕዳ ይቆጠራል። ይህን ያመጣው ኮንግረስ በ1986 ያወጣው ብራድሊ አሜንድመንት የሚባለው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳኛው ቢያዝንልህ እንኳ የተጠራቀመውን ሊቀንስልህ አይችልም። ከሥራ ብትቀነስ፣ ብትታመም፣ የምትሠራበት ታክሲ ቢቆም ቆጠራው ይቀጥላል። መጠኑን የሚያስለውጠው ሞዲፊኬሽን፣ ማለትም "ገቢዬ ተለውጧልና ይስተካከልልኝ" የሚል ማመልከቻ ነው። እሱም ቢፈቀድ ወደኋላ የሚሄደው ቢበዛ ማመልከቻው ለሌላው ወላጅ እስከደረሰበት ቀን ድረስ ነው። "ሌላ ሥራ ላግኝና አመለክታለሁ" እያለ ግማሽ ዓመት የቆየ ሰው የግማሽ ዓመቱን ዕዳ ሙሉውን ይሸከማል።

እኛ ሐበሾች ላይ ነገሩ የሚብሰው በሽማግሌ መጨረስ ስለምንወድ ነው። (ሽማግሌን አልነቅፍም፤ ስንት ቤት አትርፏል።) ሽማግሌዎቹ "በወር ከታዘዘው 800 ዶላር 500 ይበቃል" ብለው እናትየውም እሺ ብትል፣ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ ያለው 800 ነውና በየወሩ 300 ዶላር ይጠራቀማል። ዓመት ሲሞላ 3,600 ይሆናል። ከተስማማችሁ ዳኛ ያጽድቀው። ክፍያው በስቴቱ ቢሮ በኩል ይሁን ከተባለ ደግሞ በእጅ ወይም በዜል የሰጠኸው እንደ ስጦታ ሊታይብህ ይችላል።

ውዝፉ ሲያድግ የታክስ ተመላሽህ ሳይደርስህ ይወሰዳል፤ መንጃ ፈቃድህም ሊታገድ ይችላል። ከደመወዝ በቀጥታ የሚቆረጠው ግን ልክ አለው፤ ግዴታ የሆኑት ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ከቀረው፣ እንደ ሰውየው ሁኔታ፣ ከ50 እስከ 65 በመቶ ድረስ ነው። ብዙ ሐበሻ የሚደነግጠው በፓስፖርቱ ነው። ዕዳው ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣትም ማሳደስም ይከለከላል። እናት አዲስ አበባ ታማ ልጅ እዚህ ሲቀር ምን እንደሚመስል አስቡት።

"ታክስ ላይ ትንሽ ባሳይ ትንሽ ይወሰንብኛል" የሚልም አለ። ዳኛው ሰውየው መሥራት እየቻለ ገቢውን ደብቋል ብሎ ካመነ፣ ሊያገኝ የሚችለውን ገምቶ በዚያ ልክ ይወስንበታል። ብልጠት የሚመስለው ነገር ራስን መጉዳት ነው።

"ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም" ማለትም አያዋጣም፤ "ካልከፈለ ልጁን አያይም"ም እንዲሁ። ሕጉ ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያያቸው። እኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ ልጁ ለሁለቱ ወላጆች ኩርፊያ መያዣ መሆን የለበትም።

ገቢያችሁ የቀነሰባችሁ ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አመልክቱ። የቻይልድ ሰፖርት ቢሮውን የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ማመልከቻው የገባበት ቀን የተመታበትን ቅጂም ሳትቀበሉ አትውጡ።